ከኖኒ ግድግዳ ሥር የተገኙት እንቁላሎች

በመላው ሊመሪክ እኔን የሚያህል የግድግዳ ሠዓሊ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላ የሚናገርልኝ ሰው ስለጠፋ ነው። ኮርማክ ላሂፍ እባላለሁ፤ አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን የኖርኩት መሰላል ላይ ነው። አንድ ጊዜ በመጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ የሣልኩትን ፈረስ ያየች ባዝራ ሁለት አጥር ዘልላ መጥታ ግድግዳውን ስትልስ ተገኝታለች። ያላመነ ባለቤቷን ይጠይቅ፤ ሞቷል እንጂ ይመሰክርልኝ ነበር።

ከሥራዎቼ ሁሉ ትልቁ ግን ኖክባራ መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ በኖኒ ሚኒሃን ቤት የጎን ግድግዳ ላይ ያለው ነው። የመንደሩ ኮሚቴ ብያልቲነን፣ የበጋ መግቢያዋን የሜይ አንድን በዓል፣ በሥዕል እናክብር ብሎ ሲወስን ማንን እንደጠራ መናገር አያስፈልገኝም። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ተጠይቆ እምቢ ብሏል የሚባለው የምቀኛ ወሬ ነው። ግድግዳው ስምንት ሜትር ነው፤ እኔ ስጨርሰው አሥራ ሁለት ይመስል ነበር። ክርስትና ሳይደርሰን በፊት አያቶቻችን በዚያ ቀን ያደርጉት እንደነበረው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ታላላቅ እሳት አነደድኩ፤ በሽታና ክፉ ዓይን እዚያው ተቃጥሎ እንዲቀር በመሃል የሚነዱ አሥራ አንድ ላሞች አሰለፍኩ፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከፀሐይዋ ሥር ደግሞ ነጭ የእሾህ አበባ በራሷ ላይ የደፋች፣ ባዶ እግሯን የቆመች ሴት። የደብሩ ቄስ መጥተው ብዙ አዩዋትና ማን እንደሆነች ጠየቁኝ። ቅድስት ብሪጂት ናት አልኳቸው። ቅድስት ከሆነች ጫማዋ የታል አሉ። ድሃ ነበረች አልኳቸው። በጥርጣሬ እየገላመጡኝ ሄዱ፤ ዋናው መሄዳቸው ነው።

ከላሞቹ ኋላ ዱላ ይዞ የሚነዳው ሰው ፊት የባርትል ኩልሄን ፊት ነው። ባርትል የኖኒ ጎረቤት ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ የድንጋይ አጥርና አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ በቀን ከሃያ ቃል በላይ አይናገርም፤ ከሃያውም አሥራ አምስቱ ለላሞቹ ነው። የኖኒ ባል ከሞተ ወዲህ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የእሷን ድርቆሽ እሱ ያጭዳል፤ የእሱን ጥጆች እሷ ታዋልዳለች። ሒሳብ የለ፣ ምስጋና የለ። ምጥ የጠናባት ላም ስትኖር ጥጃውን በገመድ እየሳበ የሚያወጣው ረጅም ብረት እንኳ በጋራ የተገዛ ነው፤ የሚቀመጠው በእሷ ጎተራ ነው። ግማሹ የባርትል ነው ይባላል፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ሥዕሉን ስሠራ አምስት ሳምንት ሙሉ መሰላሌን ይዞ የቆመው እሱ ነው። ፊቱን የሣልኩት ለምስጋና ብዬ ነው፤ እርግጥ ከእውነተኛው ፊቱ አሳምሬዋለሁ፤ ይሄ በሽታዬ ነው።

ሜይ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኖኒ ለበዓሉ የምታቆመውን የእሾህ ቁጥቋጦ ልትተክል ከግድግዳው ሥር ስትቆፍር አካፋዋ ለስለስ ያለ ነገር ነካ። ድርቆሽ ነው። በድርቆሹ ውስጥ ሰባት እንቁላል።

ለሌላ አገር ሰው ሰባት እንቁላል ቁርስ ነው። በእኛ ዘንድ ግን በሰው መሬት የተቀበረ እንቁላል ድግምት ነው። እንቁላሉ ሲበሰብስ የባለመሬቱ ዕድል አብሮ ይበሰብሳል፤ ወተቱም ቅቤውም ጥጃውም ወደ ቀባሪው ቤት ይሄዳል። ተምሬያለሁ የሚለውም፣ ስልክ የሚነካካውም፣ እንቁላል በመሬቱ ሲያገኝ ፊቱ አመድ ይመስላል። ኖኒ እጇን አላስነካችም። በአካፋ አነሳች፣ ጠበል ረጨች፣ ናፍጣ አርከፍክፋ መንገድ ዳር አቃጠለቻቸው። አንድ በአንድ ፈነዱ። ሽታው እስከ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሦስት ምዕመናን ሳይዘጋጁ ንስሐ ገብተዋል።

ነገሩን ያከፋው ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚያው ሳምንት የሁለት ላሞቿ ጡት አብጦ ወተታቸው ደም ቀላቅሎ ነበር። ሁለተኛ፣ ድርቆሹ የታሰረው በሰማያዊ ሲባጎ ነው። በኖክባራ ሁሉም በብርቱካናማ ሲባጎ ያስራል፤ በሰማያዊ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባርትል ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንቁላሎቹ የእኔ ነበሩ።

ቀለሜን የማዋህደው በእንቁላል አስኳል ነው፣ የጥንት መነኮሳት ብራና ላይ ሲሥሉ ያደርጉት እንደነበረው፣ ብዬ ለአገሩ ሁሉ ተናግሬ ነበር። በሬዲዮም ወጥቻለሁ። ምሥጢሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እኔ ላይ እንደደረሰ ስናገር ጋዜጠኛዋ እንባ አቅርራ ነበር፤ ወይም ጉንፋን ይዟት ነበር። ሦስት ቀን በእንቁላል ቀባሁ። በአራተኛው ቀን ዘነበ። ፀሐይዋ ወርዳ ላሞቹ ላይ ፈሰሰች፤ ላሞቹ በተራቸው ወደ ቦይ ገቡ። በማግስቱ ከተማ ሄጄ የውጭ ግድግዳ ቀለም በባልዲ ገዛሁ፤ ባልዲዎቹ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ልጬ ጣልኩና እንደ ምንም ሥራዬን ቀጠልኩ። የተረፉት ሰባት እንቁላሎች ሰነባብተው መሽተት ጀመሩ። ሰው ቢያያቸው የእንቁላሉ ቀለም የት ደረሰ ይባላል፤ ስለዚህ ከባርትል ጎተራ አንድ እቅፍ ድርቆሽ ከነማሰሪያው አንስቼ፣ እንዳይሰበሩና እንዳይሸቱ ጠቅልዬ፣ ከግድግዳው ሥር ቀበርኳቸው። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ ሰው፣ በሰው መሬት ላይ እንቁላል በድርቆሽ ጠቅልዬ ቀበርኩ። በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ ስሜ እንጂ ስለ ላም አልነበረም።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ስገባ እንቁላሎቹ አሥራ ሁለት ሆነው ጠበቁኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አሥራ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ላይ የሴት ጠጉር ተጠምጥሟል፤ ሌላው ውስጥ የጥጃ ጥርስ ተገኝቷል። ማጋነን የእኔ ሙያ መስሎኝ ነበር። ኖክባራ ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዕድሜ ልኬን የሠራሁበትን ሥራ ነጠቀኝ።

ኖኒ ከዚያን ቀን ጀምራ ወንበሯን ከምድጃው አጠገብ አንስታ መስኮቱ ሥር አደረገችው። ከዚያ ሆና የባርትልን ግቢ ታያለች። የወተት መኪናው ከእሱ በር ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም መቁጠር ጀመረች፤ ድሮ ስድስት ደቂቃ ነበር፤ አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል አለች። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሙሉ የሚቀዳው ወተት ከየት መጣ? የእኔ ላሞች ደም ሲታለቡ የእሱ ለምን ጨመሩ? ትላለች። ባርትል ሣሩ ስለደረሰ ነው ሊል ይችል ነበር፤ ግን የጠየቀው የለም። የሱቁ ባለቤት የገንዘብ መልስ ሲሰጠው እጁን ሳይነካ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠለት። በቤተ ክርስቲያን ከእሱ ጋር የሚቀመጡ ወንድማማቾች አንድ ወንበር ወደ ፊት ተሻገሩ። እኔም ሰው ሁሉ እያየኝ ይመስለኝ ጀመር። አንዲት ሴትዮ ስለ ቀለሜ ጥንካሬ ስታደንቅ፣ ይቺ ታውቃለች እንዴ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ባርትል እንደ ልማዱ መሰላሌን ሊይዝ መጣ። እኔ ከላይ፣ አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ነኝ፤ ስድስት ብትሉም አልከራከርም። ኖኒ ወጣች። ከመሰላሉ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች።

“መሰላሉን ልቀቅ” አለችው።

“ኮርማክ ላይ ነው ያለው።”

“ከግድግዳዬ እጅህን አንሳ ነው የምልህ፣ ባርትል።”

ባርትል ተመለከታት። ከዚያ እጁን አነሳ። መሰላሉ ትንሽ ተንሸራተተ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ተሰብሮ ነበር፤ እኔ ስለሆንኩ ነው ያልወደቅሁት። እሱ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ግቢው ሲገባ እሷ ወደ እኔ ቀና ብላ፣ የዚያን ሰውዬ ፊት እስከ ሜይ አንድ አጥፋልኝ፤ ከብቶቼን እየነዳ እንዲኖር አልፈልግም፤ ካላጠፋኸው ግድግዳውን በሙሉ በኖራ አስቀባዋለሁ አለችኝ። ሌላም ነገር አከለች። ቀባሪው ማን እንደሆነ ቅዳሜ ጠዋት ይለያል አለች። ድግምቱ የሚሠምረው በሜይ አንድ ጠዋት ከባለመሬቱ እጅ አንድ ነገር ወደ ቀባሪው እጅ ሲገባ ነው፤ ወተትም ይሁን ፍም፣ ጨውም ይሁን ዕቃ። ስለዚህ በዚያ ጠዋት መጥቶ የሚለምን ሰው ቀባሪው እሱ ነው። “መስኮቴ ላይ ነኝ” አለች። “ማን ደጄን እንደሚያንኳኳ አያለሁ።”

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ዳዋው ባርትል ነው፤ አይጧ ማን እንደሆነች ነግሬያችኋለሁ።

ረቡዕ ዕለት ኮፍያዬን አውልቄ ወጥ ቤቷ ገባሁ። እውነቱን ልናገር ነው የገባሁት፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ግን እውነት ከእኔ አፍ ብቻዋን መውጣት ትፈራለች፤ አጃቢ ትፈልጋለች። እንቁላሎቹ የእኔ ናቸው አልኳት። እስከዚህ ደህና ነበር። ለምን ቀበርካቸው ስትለኝ የቀለም ሱቁን ነገር ዘለልኩት። ቀለሙ መቶ ዓመት እንዲጸና ከግድግዳው ሥር ሰባት እንቁላል መቅበር የጥንት ሠዓሊዎች ሥርዓት ነው፤ ከአያቴ አያት የወረስኩት ነው አልኳት። ስናገረው አምሮብኝ ነበር።

ኖኒ የሻይ ኩባያዋን አስቀመጠች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ትንሽዬ ሴት ናት፤ ስታይህ ግን ኪስህን የምትፈትሽ ይመስልሃል።

“ኮርማክ፣ ባለፈው ዓመት ዓሣ ያዝኩ ብለህ ጅራቱ መኪናህ ውስጥ አልገባ እንዳለ ነግረኸኝ ነበር።”

“አዎ።”

“መኪናህ የጭነት ቫን ናት።”

“ዓሣው ትልቅ ነበር።”

“ባርትል ምን ብሎ ላከህ?”

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። በማልኩ ቁጥር የባሰ ጠረጠረችኝ። ወዳጁን ለማዳን ብሎ የሚዋሽ ሰው ደህና ሰው ነው፤ ስለዚህ አልቀየምህም ብላ ወደ በሩ ሸኘችኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደህና ሰው ተብዬ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ቅሌታም ሆኜ አላውቅም።

ወደ ባርትል ሄድኩ። አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ለእሱም ነገርኩት፤ ሥርዓት የሚለውን ቀንሼ፣ የሱቁን ግን አሁንም ደብቄ። ሰማኝና እሷ ናት የላከችህ አለኝ። አይደለችም አልኩት። አገጩን አሻሸ።

“አንተ ቀበርኩ ካልክ” አለ፣ “እንግዲያው አንተ አይደለህም ማለት ነው።”

“ባርትል፣ በእናትህ።”

“አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድርቆሿን ሳጭድላት” አለ ወደ መስኮቷ እያየ፣ “ለመቅበር ብፈልግ ስንት እንቁላል መቅበር እችል ነበር?”

የዚያን ቀን ሃያ ቃሉን ጨረሰ። እኔ ግን ያን ንግግሩን ይዤ ስሄድ የማይረባ ሐሳብ ራሴ ውስጥ ገባ። ስንት እንቁላል መቅበር እችል ነበር ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የቀበርኩት ሰባት ነው፤ አገሩ ሁሉ አሥራ ሦስት ይላል። ስድስቱን ማን ቀበረ? ላሞቹ የታመሙት እኔ ከመቅበሬ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የወተት መኪናውስ በእውነት ስምንት ደቂቃ ተኩል ይቆማል? ሐሙስ ዕለት እኔም ከቫኔ ውስጥ ሆኜ ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ስምንት ደቂቃ ሆነ። የገዛ እንቁላሌን እያወቅሁ ባርትልን ጠረጠርኩ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ሥሩን የሚያውቀውን ሰው እንኳ ጥላው ሥር ያስቀምጠዋል።

ዓርብ ዕለት ፊቱን አጠፋሁት። ከግራው እሳት ጭስ አንስቼ በአንገቱ፣ በአገጩ፣ በዓይኑ ላይ አሳለፍኩ። ጭሱ በጣም ጥሩ ጭስ ነበር፤ የእሳት አደጋ መኪና ያልመጣው በዕድል ነው። ወደ ኋላ ዞር ስል ባርትል ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የራሱን ፊት መጥፋት እያየ ነበር። ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ገባ።

ቅዳሜ፣ ሜይ አንድ፣ ፀሐይ እንደወጣች ግድግዳው ሥር ነበርኩ። ኮሚቴው በእኩለ ቀን ሊያስመርቅ ነው፤ ጭሱ ጠርዝ ላይ ትንሽ መስተካከል ነበረበት። ኖኒ ደፏ ላይ ቢጫ አበባ በትናለች፤ በመስኮቱ መጋረጃ ሥር ነጭ ጠጉሯ ይታየኛል። መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም። በየዓመቱ በዚህ ጠዋት ሰዉ ይተላለፍ ነበር፤ ዛሬ ግን እግሩ እሷ በር አካባቢ እንዳይታይ ሁሉም ቤቱ ቀርቷል። የመንደሩ ውሾች ሳይቀሩ በሌላ በኩል የሚዞሩ መሰለኝ።

ባርትል ከግቢው ወጣ። ሮጦ ነው የወጣው፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። መንገዱ መሃል ላይ ሲደርስ ግንብ የገጨው ይመስል ቆመ። ሁለቱ እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ በደምና በእንሽርት ውኃ ርሰዋል።

“ጊደሯ ናት” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “የመጀመሪያዋ ነው። የጥጃው እግሮች ከወጡ አንድ ሰዓት ሙሉ ሆናቸው፤ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው። ምላሱ ጠቁሯል።”

“ሐኪሙስ?”

“ሌላ ላም ላይ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ብሏል። ሃምሳ ደቂቃ የላትም።”

ሁለታችንም የኖኒን ጎተራ አየን። ብረቱ እዚያ ነው ያለው። ብረቱን ለማምጣት ያንን በር ማንኳኳት አለበት፤ በሜይ አንድ ጠዋት፣ እጁ ደም እንደሆነ፣ ስጪኝ ሊል። መጋረጃው ተነቃነቀ።

“ግማሹ ያንተ ነው፤ ግባና ውሰድ” አልኩት።

“ብገባ” አለ፣ “እስክሞት ድረስ ቀባሪው እኔ ነኝ።”

“ባትገባ ጊደሯም ጥጃውም ይሞታሉ።”

“ይሞታሉ” አለ። ግን አልተመለሰም። እዚያው መንገዱ መሃል ቆሞ እጆቹን ከገላው አርቆ ይዞ በሩን ያየዋል። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ሳያለቅስ እንደዚያ የቆመ ግን አላየሁም።

ብሩሼን ጣልኩት። ስለ ጀግንነቴ ብዙ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ፤ ከዚያ ግድግዳ እስከዚያ በር ያለው አሥራ አራት እርምጃ ግን አንዱም ጀግንነት አልነበረበትም። አንኳኳሁ። የበሩን የላይኛውን ግማሽ ከፈተችና ታችኛውን ዘግታ ቆመች።

“አንተ ነህ” አለችኝ።

“የጥጃ ማውጫውን ብረት ስጪኝ” አልኳት። “ከምድጃሽም አንድ ፍም። አንድ ኩባያ ወተት። ጨውም ካለሽ።”

በዚያ ጠዋት ከእነዚህ አንዱን የለመነ ሰው ዓመት ሙሉ ይወራበታል። አራቱን በአንድ ትንፋሽ የለመነ ከአየርላንድ መፈጠር ወዲህ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህ ማጋነን አይደለም። ኖኒ በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱ ላይ የቆመውን አየችው፣ እጆቹን አየች፣ ከዚያ እኔን።

“ለእሱ ብለህ ነው።”

“ብረቱ ለእሱ ነው። እንቁላሎቹ ግን የእኔ ናቸው።”

“ሥርዓት ነው ልትለኝ ነው አሁንም።”

“ሥርዓት የለም፣ ኖኒ። የእንቁላሉን ቀለም ዝናብ ወሰደው። ይሄ ሁሉ የሱቅ ቀለም ነው። የተረፉት እንቁላሎች ሸተቱ፤ ሰው አይቶ እንዳይስቅብኝ ከባርትል ድርቆሽ ሰርቄ ቀበርኳቸው። አያቴም የአያቴም አያት ቦይ ቆፋሪዎች ነበሩ።”

የምድጃዋ ድምፅ ይሰማኛል። ከኋላዬ ከባርትል ግቢ የጊደሯ ጩኸት መጣ፤ ረጅም፣ መጨረሻው የተቆረጠ ጩኸት።

“ስንት ባልዲ ገዛህ?” አለችኝ።

“ስድስት።”

“ስድስት?”

“ስድስት። አንዱ ግማሽ ድረስ ተርፏል።”

ያመነችኝ በዚያች ሰዓት ነው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። አርባ ብላት ኖሮ ጊደሯ ሞታ ነበር። በእኔ አፍ ውስጥ ትንሽ ቁጥር ሰምታ አታውቅም።

ግን “ከዚህ ቤት ዛሬ ምንም አይሰጥም” አለችና የበሩን ግማሽ ዘጋችብኝ። መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁት። ዞር ስል ባርትልም ሰምቷል፤ እጆቹን ወደ ጎኑ አውርዶ ወደ ግቢው መመለስ ጀምሯል። ሄጄ ምን እንደምለው ሳላውቅ የጎተራው በር በኋላ በኩል ተንቋቋ። ኖኒ ወጣች። የባሏን የጎማ ቦት ጫማ አድርጋለች፤ ከእሷ ቁመት የሚበልጠውን ብረት በትከሻዋ ተሸክማለች። በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም። ባርትል ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

“አልሰጠሁህም” አለችው። “የያዝኩት እኔ ነኝ።”

“አንቺ ነሽ” አለ ባርትል።

ከፊት ሄደች፤ ከኋላ ተከተላት፤ ከሁለቱም ኋላ እኔ። ጊደሯ በጎኗ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ሁለት የጥጃ እግርና ያበጠ ጥቁር ምላስ ከኋላዋ ወጥቷል። ኖኒ ተንበረከከች። ቀጭን እጇን አስገብታ የጥጃውን ጭንቅላት ፈለገች። ባርትል ገመዱን እግሮቹ ላይ አሰረ፤ የብረቱን ጫፍ አንድ ጊዜ ሊይዝላት እጁን ሲሰድ እሷ ዞር ብላ አየችውና እጁን መለሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እጀታውን ከእጇ አልለቀቀችም። ጊደሯ ስታምጥ ትጎትታለች፤ ስታርፍ ታርፋለች። “አሁን” ትላለች፤ “ቆይ” ይላል እሱ፤ “አሁን።” ከዚህ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

ጥጃዋ እንደ ረጠበ ጆንያ ዱብ አለች። አትተነፍስም። ባርትል በአፍንጫዋ የገለባ ስንጥር አስገባ፤ ኖኒ ባልዲ ውስጥ ያለውን ቀዝቃዛ ውኃ በጆሮዋ ላይ አፈሰሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ አስነጠሰች። ስልሳ ኪሎ የምትመዝን ጥጃ ናት፤ ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን በሩን ይዤ ነው የቆምኩት። በሩን አጥብቄ ነው የያዝኩት።

ባርትል ተነስቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በሌላ ቀን ቢሆን ሻይ ያፈላላት ነበር፤ ከጥጃዋ እናት መጀመሪያ የሚታለበውን ቢጫ ወተትም በጠርሙስ ይሰጣት ነበር። ግን ዛሬ ከማንም ቤት ምንም አይወጣም፤ ከእሱም ቤት ቢሆን። ስለ እንቁላሉ እሷ አላነሳችም፤ ስለ ፊቱ እሱ አላነሳም። ይቅርታ የሚባል ቃል በኖክባራ ለቀብር ብቻ ነው የሚወጣው። እሷ ብረቱን በእሱ ገለባ ጠረገችው፤ የጠረገችበትን ገለባ አንድ በአንድ ለቅማ እዚያው መሬት ላይ ተወችው።

እስከ ግቢው በር ሸኘናት። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ብረቱን ግንቡ ላይ አስደገፈችና አንድ እግሯን አንስታ የቦት ጫማዋን ሶል በበሩ ድንጋይ ጫፍ ላይ መፋቅ ጀመረች። ጭቃው፣ እበቱ፣ የተጣበቀው ድርቆሽ ወደ ባርትል ግቢ ውስጥ ወደቀ።

“ምን እያደረግሽ ነው?” አላት።

“ያንተ ነው” አለችው። “እዚሁ ይቅር።”

ከዚያ ሁለተኛውን እግሯን ስታነሳ ሚዛኗን ሳተች። ባርትል ክንዱን ዘረጋላት። ኖኒ መጀመሪያ እጁን አየችው፤ መዳፉን ገልብጦ ባዶ መሆኑን አሳያት፤ ያን ጊዜ ተደገፈችው።